ቁጥር የተሰጠው መንደር እንዴት አገር ሆነ? ከፓዌ መንደሮች የምንማረው



ሰሞኑን ከወጣቶች ጋር ስንጫወት ቶሎ ቶሎ የሚነሳው ወሬ የቦታ ወሬ ነው። «ማኅበራችን ተፈቀደለት»፣ «ፕላን ገባ»፣ «ዕጣ ሊወጣ ነው»፣ «ካርታ እየጠበቅን ነው»። አልሐምዱሊላህ! ጎጆ ለመቀለስ የሚያስብ ወጣት ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሲነሳ አንሰማም። ቦታው ተለክቶ፣ ችካሉ ተተክሎ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ሲያልቅ መንደር ሆነ ማለት ነው ወይ?

እኛ ጥሊሊ ላይ ኢማማችንን እያገዝን፣ ከሰው ኒካሕና ከሰው ጀናዛ ሳንቀር የምንኖር ሰዎች ነን። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከኛ ደጋ በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ቁልቁል ሲወረድ የፓዌ መንደሮች አሉ። በወረቀት ላይ ተሥለው የተሠሩ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች ናቸው። መንግሥት ቤቱንና መንገዱን በጥቂት ወራት አቆመላቸው። አገር ያደረጋቸው ግን በፕላኑ ላይ ያልነበረ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ስለዚህ እናወራለን። ረዘም ይላል፤ በትዕግሥት አንብቡት።

◆ «አገሬ መንደር 14 ነው»

ቂርአት ላይ በነበርንበት ጊዜ አብሮን የሚቀራ አንድ የፓዌ ልጅ ነበር። አዲስ ደረሳ በመጣ ቁጥር «አገርህ የት ነው?» ይባላል። አንዱ ቦረና፣ አንዱ ደራ፣ አንዱ ዳንግላ ይላል። የሱ ተራ ሲደርስ «መንደር 14» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከደረሶቹ አንዱ «እሱማ የቤት ቁጥርህ ነው ወንድሜ፣ አገርህን ንገረን እንጂ» አለው።

ልጁ አልተቆጣም። «የተወለድኩት እዚያ ነው። አሊፍ ያልኩት እዚያ ነው። አባቴም የተቀበሩት እዚያ ነው። ሌላ አገር ካለኝ እናንተ ንገሩኝ» አለ። ሳቁ ቆመ።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ታሪኩ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ይጀምራል። ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ የኮረም መጠለያ ምስል ዓለምን አስለቀሰ። የደርግ መንግሥት በዚያው ዓመት ትልቅ የሰፈራ ዘመቻ አወጀ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ 600,000 ገደማ ሕዝብ ከሰሜንና ከመሐል አገር ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ ከፋና ወደ ጎጃሙ መተከል ተወሰደ። ወዶ የሄደ ነበር፤ ተገድዶ የሄደ ነበር፤ ከቤተሰቡ ተነጥሎ የሄደም ነበር። ለመጡት ሰዎች መጠለያ እንዲሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ዘምተዋል።

ከነዚህ የሰፈራ ቦታዎች በስፋቱ ከሚጠቀሱት አንዱ የበለስ ሸለቆ፣ ማለትም ፓዌ ነው። ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎንደርና ከጎጃም፣ ከደቡብም ከከምባታና ከሐድያ የተነሣ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ሰፈረበት። ከወሎ ከመጣው ውስጥ ብዙው ሙስሊም ነበር። ከ40 በላይ መንደሮች ተቆረቆሩ። ስም የሚያወጣላቸው አልነበረምና ቁጥር ወጣላቸው። ዛሬም «መንደር 7»፣ «መንደር 17» እየተባሉ ይጠራሉ።

◆ ፕላኑ ላይ የነበረውና ያልነበረው

በ1978 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ መጣና «ጣና በለስ» የሚባለው ፕሮጀክት ተጀመረ። ሥራውን የያዘው ሳሊኒ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ኋላ የሕዳሴውን ግድብ የሠራው ኩባንያም እሱ ነው። ጫካው በማሽን ተመነጠረ። መንገድ ወጣ፤ ሆስፒታል ተሠራ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ተደለደለ፤ መጋዘንና የውኃ ቧንቧ ገባ። እርሻው የጋራ ነበር። የሚያርሰው ትራክተር ነው። ሰፋሪው በማኅበር ሠርቶ ከመጋዘን ቀለቡን ይቀበላል፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ትንሽ ጓሮ ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም የጎደለው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ያ የቂርአት ወንድማችን ኒካሕ አስሮ ጠራን። ሌሊት 11 ሰዓት ከጥሊሊ ስንነሳ ጋቢያችንን ተከናንበን ነበር። ቻግኒ ላይ ጋቢው ወለቀ፤ ግልገል በለስ ስንደርስ ኮቱም ወለቀ። መንደሩ ስንገባ ቤቶቹ በመስመር ተሰድረዋል፤ መንገዱ በክር የተለካ ይመስላል። ነገር ግን በየጓሮው ያለው ማንጎ እንደልቡ ተንዠርግጎ መስመሩን ሸፍኖታል። ጣሊያን ያሠመረውን ቀጥታ መንገድ ከማንጎው ጥላ ሥር ሆነው ካልፈለጉት አያዩትም።

ማታ ላይ የአባቱ ጎረቤት የነበሩ አንድ የወሎ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀመጡን። እኛም «አባባ፣ እንዴት ነበር መጀመሪያ ስትመጡ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ» አሉን፤ «እኛ ስንመጣ ለሁሉም ነገር ቦታ ተለክቶለት ነበር። ይኸ መጋዘን፣ ይኸ ክሊኒክ፣ ይኸ ትምህርት ቤት፣ ይኸ ቀበሌ ተባልን። ሰው የሞተብን ለት ግን የት እንቅበር ብንል የሚመልስልን ጠፋ። ፕላኑ ላይ መቃብር የለም። ለሚበላ ሰው ታስቦ ነው እንጂ ለሚሞት ሰው አልታሰበም።»

ሞት ደግሞ አልዘገየም። ፓዌ ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ሰፋሪው ግን አብዛኛው ከደጋና ከወይና ደጋ፣ በረሃብ ተጎድቶ የመጣ ሰው ነው። ወባው ጨረሰው። በሬ ያገኘውንም ሰው የገንዲ በሽታ በሬውን ገደለበት። ሸለቆው የቆላ ዝንብ ያለበት አገር ነውና።

«መጀመሪያ ያቋቋምነው ቅሬውን ነው» አሉ ሽማግሌው። ወሎ ቅሬ የሚለው እኛ እድር የምንለውን ነው። «ከመስጂዱም በፊት። ከምባታውም፣ የሸዋውም፣ የኛም ሰው ገባበት። የሞተውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆፍርለታል። እየቆፈርን ተዋወቅን። ከዚያ ለሶላት አንድ ጎጆ ቀለስን፤ ልጆቹን ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው ከመሐላችን ፈለግን። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑም መጣ። ሰው ከሰው ጋር ተዋለደ። ይኸው ዛሬ እናንተ ለኒካሕ መጣችሁ።»

ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ሲመጡ የጋራ ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ከምባትኛ፣ አንዱ ሐድይኛ ይናገራል። ጎረቤታቸውን የመረጠላቸው የመኪናው ተራ ነው። ዘመድ ያደረጋቸው አብረው የቆፈሩት መቃብር ነው።

◆ ፕሮጀክቱ ሲሄድ

የሰፈራው ሥርዓት በትራክተርና በቀለብ ላይ የቆመ ነበር። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ ጣሊያኖቹ ወጡ። ቀጥሎ ደርግ ወደቀ። ነዳጁ አለቀ፤ ትራክተሩ ቆመ፤ መለዋወጫው ጠፋ፤ ቀለቡ ተቋረጠ። በጋራ የታረሰው ሰፊ መሬት ሣር ወረሰው።

ያኔ ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። አንዳንዶቹ መንደሮች ባዶ ቀሩ፤ ከሌላ ጋር የተቀላቀሉም አሉ። የቀረው ደግሞ በእጁ መቆፈር ጀመረ። በሬ ማላመድ፣ ለቆላው የሚስማማውን እህል መለየት፣ ገበያ መውጣት ጀመረ። ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ በቆሎ፣ ማንጎ። በፕሮጀክቱ ዘመን የተጀመረው የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከል ዛሬም አለ፤ በአኩሪ አተር ምርምሩ በአገር ደረጃ ይታወቃል። ሆስፒታሉም የሸለቆውን ሰው ሲያክም ኖሯል። በገንዘብ የተሠራው ነገር ሁሉ ጠፋ ብንል ሐቅ አይሆንም።

ሽማግሌውን «እርስዎ ለምን አልተመለሱም?» ስንላቸው ትንሽ አሰቡ። «እዚያ የቀረኝ መሬት የለም። እዚህ ደግሞ ሦስት ልጆች ቀብሬአለሁ። እነሱን ለማን ትቼ ልሂድ?» አሉን። ከዚህ በላይ አልጠየቅናቸውም።

◆ ቦታው ባዶ አልነበረም

እስካሁን ያወራነው የሰፋሪውን ነው። ግማሹን ተናግረን ግማሹን ብንደብቅ አማና መብላት ይሆንብናል።

ፕላኑ የተሣለው ሸለቆው ባዶ መሬት ነው ተብሎ ነው። ባዶ ግን አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነው። ጉሙዝ የሚያርሰው መሬቱን እያሳረፈ ነው። ጥቂት ዓመት አንዱን ቦታ ያርስና ኃይሉ ሲደክም ጫካ እንዲመለስበት ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ቆይቶ ይመለስበታል። ጫካው ማሩ ነው፤ አደኑ ነው፤ ሥራ ሥሩና መድኃኒቱ ነው፤ ወንዙ ዓሣው ነው። ከውጭ የመጣ መሐንዲስ ያረፈውን መሬት ሲያይ «ሰው የለበትም» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ሲገባ ጉሙዙ ሳይጠየቅ ወደ ዳር ተገፋ።

ከዚያም በፊት ቁስል ነበረ። ለብዙ ዘመን ከደጋው እየወረደ ጉሙዙን ሲፈነግል የኖረ የባሪያ ንግድ ነበር። በዚያ ንግድ የክርስቲያን ባላባትም የሙስሊም ነጋዴም እጅ ነበረበት። ስለዚህ ጉሙዙ በ1977 ዓ.ም. ከደጋ የመጣ መኪና ሲያይ በረሃብ የተሰደደ ምስኪን መጣ ብሎ ለማመን አያቱ የነገሩት ታሪክ አይፈቅድለትም። ሰፋሪውም ያለፈውን አያውቅ። አምጥቶ ያሰፈራቸው አካል ሁለቱን አላስተዋወቃቸውም። ግጭቱ ሰፋሪው በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጀመረ፤ ደርግ በወደቀ ማግሥትም ከሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈሰሰ።

ወዳጅነትም ነበር፤ እሱን አለመናገር ግፍ ነው። ገበያው አገናኛቸው። ጉሙዙ ማርና ቅል፣ ሰፋሪው በርበሬና ጨው ይዞ ይወጣል። አበ ልጅና ወዳጅ የተባባሉ፣ የአንዱን ከብት አንዱ የሚጠብቅ፣ በልቅሶ የሚጠራሩ ነበሩ። ጉሙዞች ደም ሲፈስ የሚያስታርቁበት ማንጊማ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አላቸው፤ ከደጋው ሰው ጋር ለመታረቅም ተቀምጠውበታል። እኒያ ሽማግሌም ጉሙዝኛ ይናገራሉ። «ማን አስተማረዎት?» ስንላቸው «ገበያና ችግር» ብለው ሳቁ።

ነገር ግን መሠረቱ ላይ ያልተፈታ ሐቅ ሁልጊዜ ይመለሳል። በ2012 ማብቂያና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በቡለን፣ በማንዱራ፣ በዳንጉር ስንት ንጹሕ ሰው አለቀ! አማራውም፣ አገዉም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም፣ ጉሙዙም አለቀሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደኛ ዞን ወጥቶ ቻግኒ «ራንች» በሚባለው መጠለያ ሰፈረ። ያን ጊዜ የጥሊሊ ጀማዓ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እድር ጋር ሆኖ ያገኘውን ልብስና እህል ጭኖ ሄዷል፤ እኛም ከጫኙት ጋር ነበርን። ድንኳኖቹ በመስመር ተተክለዋል። በያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል። አንዲት እናት «እናቴ፣ ከየት ነው የመጡት?» ስንላቸው የድንኳናቸውን ቁጥር ነገሩን። ቀልድ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ቁጥር የተሰጣቸው ሰዎች እነዚያ ናቸው።

◆ በሌላው ዓለምስ?

መንደርን በወረቀት ሥሎ ማቆም ደርግ የፈጠረው ነገር አይደለም። ከኛ እጅግ በራቀችው ስኮትላንድ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለመሬት መኳንንት በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ትንንሽ መንደሮችን በገጠሩ ተክለዋል። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። መሐል ላይ አደባባይ፣ ከአደባባዩ የሚወጣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር እኩል የተሸነሸነ ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1765 ሰር ጄምስ ግራንት የሚባል ባለርስት በስፔይ ወንዝ አጠገብ ግራንታውንን ሲተክል ሸማኔና የእጅ ባለሙያ እንዲሰፍርበት አስቦ ነው። በ1788 ደግሞ የእንግሊዝ የዓሣ ማኅበር ኡላፑልን ሄሪንግ ለሚባል ዓሣ ማጥመጃ ብሎ በባሕሩ ዳር ሠራት። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ዓሣው ጠፋ። ለበግ እርባታ ሲባል ከአያት ቅድመ አያቱ መሬት የተነቀለ የዚያ አገር ገበሬም እንዲህ ባሉ መንደሮች ተጠግቷል።

ዓሣው ሲጠፋ ኡላፑል አልጠፋችም፤ ዛሬም ሰው ይኖርባታል። እዚያም እንደ ፓዌ ነው። መንደሩ የተተከለበት ምክንያት ሄደ፤ ሰው ግን ቀረ።

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ ኩፋን እንይ። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ በዑመር (ረ.ዐ) ትእዛዝ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ኩፋን ሲቆረቁሩ ከሁሉ በፊት የተለካው የመስጂዱ ቦታ ነው። ጦበሪ እንደዘገበው አንድ ቀስተኛ መሐል ላይ ቆሞ በአራቱም አቅጣጫ ቀስት ወረወረ። ቀስቱ ከወደቀበት ማዶ ሰው ቤት እንዲሠራ ተፈቀደ፤ ውስጡ የሁሉም ሆነ። ዋናው ጎዳና 40 ክንድ፣ ቀጣዩ 30፣ ከዚያ 20፣ ትንሿ መተላለፊያ 7 ክንድ እንዲሆን ታዘዘ። የሸምበቆ ቤቶቹ በእሳት ሲወድሙ በጡብ እንዲሠሩ ዑመር ፈቀዱ፤ ግን አንድ ሰው ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራ፣ ቤቱንም እንዳያስረዝም አሉ። ማቀድ በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጥያቄው የሚታቀደው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ከኩፋም በፊት መዲና አለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የሁለት የቲሞች ነበር። በነጻ እንስጥ ቢባሉም ዋጋውን ሳይከፍሉ አልተቀበሉም። አስቡት! መላው ከተማ በደስታ የተቀበላቸው ነቢይ ናቸው፤ የሚሠራው ደግሞ መስጂድ ነው። እንዲያም ሆኖ የባለመሬቱ ሐቅ ሳይከፈል አልተጀመረም። ቀጥለው ደግሞ ስደተኛውን ሙሃጂር ከባለአገሩ አንሷር ጋር አንድ በአንድ ወንድም አደረጓቸው። የመሬቱ ሐቅ ተከፈለ፤ እንግዳውና ባለቤቱ ተዋወቁ። ፓዌ ላይ ሰፋሪዎችን ያመጣው አካል የዘለላቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

◆ በኛም ደጋ ነበር

ይህ የቆላ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ደርግ መንደር ምሥረታ ብሎ በየቦታው ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሠራ አዘዘ። በአገሪቱ ሚሊዮኖች እንዲህ ተነቅለዋል፤ ጎጃምም አልቀረለትም። ትልልቆቹን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ገበሬው ከማሳው ራቀ፤ ከብቱ ከግጦሹ ራቀ፤ እህሉን አውሬ በላው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ቤቱን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ።

የፓዌ ሰው ያልተመለሰው ለምንድን ነው? አንደኛው መመለሻ ስለሌለው ነው። ሌላው ግን ያ ቅሬ፣ ያ መስጂድ፣ ያ ገበያና ያ መቃብር ስለያዘው ነው። የኛ ገበሬ ቅሬውም መስጂዱም ቤተ ክርስቲያኑም ድሮ ቦታው ላይ ስለነበረ ወደዚያው ሄደ። ሰው የሚሄደው ማኅበሩ ወዳለበት ነው።

◆ እንግዲህ አንተስ? አንቺስ?

ዕጣ የወጣላችሁ፣ የምትጠብቁም ወጣቶች፣ በከተማችን ዳር ላይ አዲስ ሰፈር ትገባላችሁ። ቦታችሁ ቁጥር ይኖረዋል፤ ብሎክ ይኖረዋል። አራት ነገር አደራ እንላችኋለን።

1. ቦታው ከዚያ በፊት የማን ማሳ እንደነበር ጠይቁ። ከተማ ሲሰፋ የሚሄደው በገበሬ ማሳ ላይ ነው። ካሣ መክፈል የናንተ ሥራ ላይሆን ይችላል፤ ገበሬውን ማወቅ ግን የናንተ ነው። ቤት ስትመርቁ ጥሩት፤ ልጁ ሥራ ሲፈልግ አስቡት። ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ምን እንደሚያንቀው ሁላችሁም ቀርታችሁታል።

2. እድር ቆርቆሮ ከመምታታችሁ በፊት ይቋቋም። «ሰው ሲበዛ እናቋቁማለን» አትበሉ። ሞት ሰው እስኪበዛ አይጠብቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈር እድር ይሁን፤ የየእምነቱ ሥርዓት በየቤቱ ይቆያል።

3. ፕላኑ ለውይይት ሲቀርብ ተገኙ። አብዛኛው ወጣት የሚሄደው የራሱ ቦታ መንገድ ዳር መሆኑን ለማየት ነው። እናንተ ግን የመቃብር ቦታ፣ የመስጂድና የቤተ ክርስቲያን ቦታ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የዛፍና የውኃ ቦታ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ችካል ከተተከለ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ሰፈርን ከሰፈር፣ እምነትን ከእምነት ያቃቅራል።

4. የጎረቤታችሁን ቋንቋ ተማሩ። አውኚ በሚናገር አገር ሃያ ዓመት ኖሮ «እንዴት አደርክ» ማለት የማይችል ሰው አለ። ቢያንስ ሰላምታውንና የልቅሶ ቃሉን እወቁ። እኒያ የፓዌ ሽማግሌ ጉሙዝኛ ባያውቁ ኖሮ በክፉው ቀን ማን በሌሊት መጥቶ «ዛሬ ከቤት አትደር» ይላቸው ነበር? ይህንን ለኛ የነገሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የነገራቸው ሰው ጉሙዝ ነበር።

ያ የቂርአት ወንድማችን አሁን ልጆች ወልዷል፤ እዚያው ያስቀራል። ባለፈው በስልክ ስናገኘው መንደሩ ውስጥ የቁጥሩን ምክንያት የማያውቁ ልጆች እንዳሉ አጫወተን። አንድ ተማሪው «ኡስታዝ፣ ከመንደር 13 በኋላ ስለተሠራ ነው 14 የተባለው?» ብሎ ጠየቀው። «ምን አልከው?» ስንለው «አያትህን ጠይቅ አልኩት። እኔ ብነግረው ታሪክ ነው የሚሆንበት፤ አያቱ ከነገሩት ግን አደራ ይሆንበታል» አለን።

እናንተም የሰፈራችሁን አያቶች ጠይቁ። ይህ ሰፈር ከመታቀዱ በፊት ማን ነበረበት? መጀመሪያ የተቀበረው ማን ነው? መጀመሪያ ያስታረቀውስ ማን ነው? የሰማችሁትን ከሥር ጻፉልን፤ ሌላውም ይማርበታል።

አሏህ የተፈናቀለውን ወደ ቤቱ ይመልስልን፤ የተበደለውን ይካስልን፤ ከደጋም ከቆላም ያለነውን መልካም ጎረቤት ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።